መሣሪያ ፈቃድ አለውን?

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ታውኮ፣ በሒሳቡ ካለው በላይ ለጠየቀ ሁሉ ያለ ከልካይ ሲከፍል ባደረባት ሌሊት፣ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆኑ ደንበኞች ከኤቲኤም ፊት ተሰልፈው ካወጡትና በስልካቸው ካስተላለፉት ንዋይ መካከል የእነርሱ ያልሆነው 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደ ነበረ ባንኩ በኋላ አስታውቋል።

ማሽኑ ሰጠ እንጂ ማንም አልሰረቀም የሚለው ማመካኛ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ጥያቄ አዝሏል፤ መስጠት ፈቃድን፣ ፈቃድም ነባቢት ነፍስን የሚሻ ከሆነ፣ ነፍስ የሌለው መሣሪያ ከቶ ሊሰጥ ይችላልን? ነፋስ በሩን የከፈተው ጎተራ ለአላፊ አግዳሚው እንዳልተመጸወተ ሁሉ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ከማሽን የወጣው ብርም ስጦታ ሊባል አይችልም። በዚያች ሌሊት ቁልፉን የተጫነው ሰው ከኅሊናው በቀር ተቆጣጣሪ አልነበረውም፤ አባቶች ሕገ ልቡና ያሉት፣ ከኦሪትም ከወንጌልም አስቀድሞ በሰው ልብ የተጻፈው ሕግ፣ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።

የመንግሥት ሕግ በዚህ ጉዳይ ጎዶሎ አይደለም። የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አዲሱን መንገድ ደነገጉ፤ መሠረቱን ግን ኤቲኤም በአገራችን ባልታየበት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሀብት የበለጸገ ሁሉ እንዲክስ በማዘዝ አስቀድሞ ጥሎታል።

እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በፈቃዱ የሚመልስ እንደማይከሰስ በተነገረ ጊዜ ብዙዎች መልሰው ሳለ፣ ባንኩ የቀሩትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በቅርንጫፎቹ ደጃፍ ለጠፈ። በወንጌል የተጠቀሰው ቀራጭ ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ የተነሣው፣ ጌታ በቤቱ በእንግድነት ስላከበረው እንጂ በአደባባይ ስላዋረደው አልነበረም፤ የንስሐ አባትም የሰማውን ኃጢአት እስከ መቃብር ይሰውራል። ባለዕዳን በፍርድ ቤት መክሰስ የባንኩ መብት ነው፤ ዳኛ ያልፈረደበትን የወጣት ፊት በግድግዳ ላይ መስቀል ግን መብቱ ሊሆን አይገባም፤ በዚያው ዓመት የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሥራ ላይ ሲውል፣ ደንበኛውን ብቻ ሳይሆን የደንበኛውን ምስል በእጁ የያዘውን ኃያል ተቋምም ሊገታ ይገባዋል።