ስልኩ ደረሰ፤ ቃሉስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ስንወጣ ከጂንካ ተነሥተን በቀይ አፈርና በወይጦ አድርገን አርቦሬ ወርደን ነበር። አርቦሬ ወደ ቱርሚ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጨው ባሕር በላይ ባለው ሞቃት ሜዳ የሚገኝ፣ ከብት የሚረባበትና ማሽላ የሚዘራበት አገር ነው። በስልካችን የተቀዳ የአማርኛ ስብከት ይዘናል፤ ድምፅ ማጉያም አልረሳንም። ምን ጎደለን ብለን?

ከግራር ጥላ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች 20 ደቂቃ ያህል ጸጥ ብለው አዳመጡ። እኛም ደስ አለን። ሲያልቅ ግን አንድ አባት በልጃቸው አስተርጓሚነት፣ «ድምፁ መልካም ነው፤ ሰውዬው ምን አለ?» ብለው ጠየቁን። ከእኛ ውስጥ ቋንቋቸውን የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ልጁም ስብከቱን መመለስ አቅቶት አንገቱን ደፋ። የዚያን ዕለት እፍረት እስከ አሁን አልለቀቀንም።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በቤተ መንግሥቱ የነበሩ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ መስሏቸው ፈርተውት እንደነበር ይነገራል። ይህን ስንሰማ እንስቃለን፤ እነርሱ ግን ቢያንስ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ምንድን ነው ብለው ጠይቀዋል። እኛ አልጠየቅንም። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራ ጀመረ። ስለ ኔትዎርክ መድረስና አለመድረስ ስንከራከር እንውላለን። የአርቦሬ ቋንቋ ግን ለዳሰነች ቋንቋ የሚቀርብ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ ምሰሶ ስለ ተተከለ አማርኛ አይሆንም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 በበዓለ ሃምሳ የሆነውን እናስታውስ። ታላቅ ድምፅ መጥቷል፤ ሕዝቡን ያስደነቀው ግን እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ መስማቱ ነው። በምዕራፍ 8 ያለው ጃንደረባም መጽሐፉ በእጁ ነበረ፤ እያነበበም ነበር። ፊልጶስ የጠየቀው ስለ ማስተዋሉ ነው፤ ከዚያም ሠረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ። መቀመጡን ልብ በሉ! አባቶቻችንስ መጻሕፍትን ከግሪክ ወደ ግእዝ የመለሱት ለምን ይመስላችኋል?

ያ ልጅ አሁን ጂንካ ይማራል። ሦስት ሆነን በየቅዳሜው እርሱ ዘንድ እየሄድን ቋንቋውን መማር ጀምረናል። እስካሁን ሰላምታ መስጠትና ውኃ መለመን ችለናል። በስልካችን የምንቀዳው የእርሱን ድምፅ ሆኗል፤ ማታ ማታ እየደጋገምን እንሰማዋለን። እኛ ስንናገር ሲሰማ ግን በሳቅ ይሞታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።