«አሸነፍን» የምንል እኛ ማን ነን?

እግር ኳስ በሚታይበት ቦታ ሁሉ አንድ የሚያስገርም ቃል ይሰማል። ያልሮጠ፣ ያልደከመ፣ ኳስ በእግሩ ያልነካ ተመልካች ከመቀመጫው ተነሥቶ «አሸነፍን!» ይላል። ቡድኑ ሲረታ ግን ያው ሰው «ተሸነፉ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለመሆኑ በድል ቀን የመጣችው «ን» በሽንፈት ቀን ወዴት ሄደች?

ተመልካች «አሸነፍን» ማለቱ የሌላውን ላብ መቀማት ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። ሰው ከራሱ ውጭ ላለ ነገር ሲጨነቅ፣ አጠገቡ ያለውም በዚያው ነገር ሲጨነቅ፣ በሁለቱ መካከል ዝምድና ይፈጠራል። ስሙን እንኳ የማያውቀውን ሰው የሚያቅፈው ስለዚህ ነው። በዚያች ሰዓት «አገርህ የት ነው? አባትህ ማን ነው?» የሚል የለም።

ለዚህ የ1954 ዓ.ም. ምሳሌ ይበቃናል። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ በ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ አስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣልያናዊ የሆነ ሰው ነበር። ጣልያን ከአገራችን ከተባረረ ገና 21 ዓመቱ ነበር። ሆኖም ያን ቀን «አሸነፍን» ያለ ሁሉ የጣልያናዊውን ልጅ በ«እኛ» ውስጥ አስገብቶ ነው።

ነገር ግን ይኸው አምበል በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ተሰደደ፤ በ2015 ዓ.ም. እስኪያርፍም ድረስ ኑሮው በጣልያን ሆነ። በዋንጫው ቀን ከእኛ አንዱ የነበረ ሰው በመከራው ቀን ብቻውን ሄደ። እንግዲህ ስፖርት ማየት ሰውን ማቀራረቡ እውነት ነው፤ ያቀራረበውን ማጽናት ግን የስፖርት ሥራ አይደለም፤ የእኛ ነው።

ይህን ከሜዳው ላይ ሆና ያሳየችን ደራርቱ ቱሉ ናት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር አንደኛ ከወጣች በኋላ ብቻዋን ለመጨፈር አልቸኮለችም። ሁለተኛ የወጣችውን ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት፣ ኤላና ሜየርን፣ ጠብቃ አቀፈቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ምክንያት ለረጅም ዘመን ከኦሎምፒክ ታግዳ የተመለሰችው በዚያው ዓመት ነበር። የደራርቱ «እኛ» የተሸነፈችውንም ይዞ ዞረ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ኳስ ማየት ይከልከል አንልም። ይልቅስ ቡድናችን ሲረታም «ተሸነፍን» ማለትን እንልመድ። ጎል በገባ ጊዜ ያቀፍነው ሰው ነገ ሐዘን ቤቱ ሲገባ የቡድናችንን ማልያ ለብሶ አናገኘውም። «እኛ» ማለታችን እውነት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።