ስምንት ሰከንድ

ባለፈው ኅዳር በታላቁ ሩጫ ተሳትፌ ነበር። ዐሥሩን ኪሎ ሜትር የጨረስኩት በ52 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ውድድር የገባሁበት፣ እስከ ዛሬም የራሴ ምርጥ ሰዓት የምለው ደግሞ 52 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ነበር። ልዩነቱ ስምንት ሰከንድ ነው። እኔ በምሮጥበት ፍጥነት ሲሰላ ሃያ አምስት ሜትር ያህል ቢሆን ነው።

ታላቁን ሩጫ የሮጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከመስቀል አደባባይ ከሚነሳው ሕዝብ አብዛኛው ለሰዓት አይሮጥም። ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ከጓደኛው ጋር ፎቶ ይነሣል፤ ሲደክመው ደግሞ ይራመዳል። እኔ ግን ለአራት ወር ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሣሁ ስዘጋጅ ነበርና ዓይኔን ከሰዓቴ ላይ አልነቀልኩም። የመጨረሻውን መስመር አልፌ ሰዓቴን ሳቆመውና ቁጥሩን ሳይ ሆዴ ባዶ ሆነ። ሜዳሊያውን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ዙሪያዬን ያለው ሰው ሁሉ ሲተቃቀፍ እኔ ስምንት ሰከንድ የት እንደ ጣልኩ አስብ ነበር።

በሳምንቱ በወጣቶች ፕሮግራማችን ላይ አንዲት እኅት፣ «መምህር፣ ስንት ገባህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ያው እንደ በፊቱ ነው፣ 52 ምናምን» አልኳት። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። የተናገርኩት ውሸት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ እውነት ነው ለማለት ግን ከዚያ የባሰ ያስቸግራል። ስምንቷን ሰከንድ «ምናምን» በምትል ቃል ሸፈንኳት።

ከፕሮግራሙ በኋላ አንድ ወንድም ወደ እኔ መጣ። ይህ ልጅ ባለፈው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ፣ ለማለፍ ከሚያስፈልገው ግማሽ ሁለት ነጥብ ጎድሎት ነበር። ያን ጊዜ ለብዙ ቀን ከቤት አልወጣ ሲል እቤቱ ሄጄ፣ «ቁጥር ምንም ማለት አይደለም፤ ውጤትህ አንተን አይገልጽህም» ብዬ አጽናንቼዋለሁ። አሁን ፊቴን እያየ፣ «የከፋህ ትመስላለህ፤ ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። ስለ ስምንቱ ሰከንድ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ዝም አለና፣ «ለእኔ ያልከኝን ለራስህ አላልከውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የምመልስለት አጣሁ። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው።

በመጀመሪያ ማመን ያለብኝ፣ ለዚያ ልጅ የነገርኩት ቃል ከፍቅር የወጣ ቢሆንም ሙሉ እውነት እንዳልነበረ ነው። ሁለቱ ነጥቦች ጎድለዋል። የጎደሉትም በሌላ ሰው ወረቀት ላይ ሳይሆን በእሱ ወረቀት ላይ ነው፤ በእነሱም ምክንያት እንዳሰበው በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ አልቻለም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። ያን ዓመት በየቤቱ ያለቀሱትን ልጆች «ቁጥር ምንም አይደለም» ብሎ ማጽናናት፣ ቁስልን ሳያዩ እንደ ማሸግ ነው። እኔ ራሴ ያላመንኩበትን መጽናኛ ነበር የሰጠሁት። ባምንበት ኖሮ ስምንት ሰከንድ ሳምንት ሙሉ ባላናወጠኝ ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ «ቁጥሩ እኔ ነኝ» ማለት አለ። ሜዳሊያዬን ኪሴ ያስከተተኝ፣ ልጁንም ቤት ዘግቶበት የሰነበተው ይኸኛው ነው። ታዲያ ቁጥሩ ምንም ካልሆነ ስሕተት፣ ሁሉም ነገር ከሆነም ስሕተት ከሆነ፣ በመካከል ምን አለ?

የቀነኒሳ በቀለን ሩጫ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በዚያችው ከተማ ከአንድ ዓመት በፊት ያስመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ነበር። ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለት ሰከንድ ቀረው። «ክብረ ወሰኑን ሰበረ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «አልሰበረም» ነው፤ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ነገር ግን ያችው ሰዓት፣ ጉዳት ሲያመላልሰው የቆየው የ37 ዓመቱ ሯጭ ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው በርሊን ላይ የሮጠውን የራሱን ምርጥ ሰዓት በ1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ያሻሻለባት ናት። ሩጫው አንድ ነው፣ ሰዓቱም አንድ ነው፤ ጥያቄው ግን ሁለት ነው።

ሰዓት አይዋሽም፤ ነገር ግን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። የእኔ ሰዓት የተጠየቀው «ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው ፈጥነሃል ወይ?» ተብሎ ነው፤ «አልፈጠንክም» ብሎ በእውነት መለሰ። «በተሰጠህ ነገር ምን አደረግህበት?» ተብሎ ግን አልተጠየቀም፤ ቢጠየቅም ሊመልስ አይችልም።

ብዙ ጊዜ ለእናንተ፣ «ከሌላ ሰው ጋር አትወዳደሩ፤ ከራሳችሁ ጋር ብቻ ተወዳደሩ» ብዬ አስተምሬአለሁ። ይህ ምክር ትሕትና ያለው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን የድሮ ማንነትም ጨካኝ ተፎካካሪ ሊሆን እንደሚችል ዐየሁ። የሁለት ዓመት በፊቱ እኔ ሌሊቱን ሙሉ የሚተኛ ሰው ነበር። የዛሬው እኔ የሰባት ወር ሕፃን ልጅ አለችኝ፤ ሌሊት ሁለት ሦስቴ እነሣለሁ። ስማችን አንድ ቢሆንም በእጃችን ያለው አንድ አይደለም። ጌታ ስለ መክሊቶቹ በተናገረው ምሳሌ፣ አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው ባሪያዎች የተመሰገኑት በአንድ ዓይነት ቃል ነው። ሦስተኛውም የተወቀሰው ከሌሎቹ ያነሰ ስላተረፈ ሳይሆን የተሰጠውን ስለ ቀበረ ነው።

እዚህ ላይ ብቆም ግን ሁለተኛ «ምናምን» ይሆንብኛል። ልጄን ሰበብ አድርጌ ማምለጥ ቀላል ነበር። እውነቱ ከአራቱ ወር ልምምድ ሦስት ቅዳሜዎችን ያስቀረሁት ልጄ አልቅሳ አይደለም፤ እሷ ተኝታ ነበር። ማንቂያው ሲጮህ አጥፍቼው የተኛሁት እኔው ነኝ። በልጄ ምክንያት የጎደለውንና በእንቅልፍ የቀበርኩትን ሰዓቱ ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም ስምንት ሰከንድ ብሎ ይደምራቸዋል። የሚለየው ኅሊናዬ ነው፣ ኅሊናን የሚመረምር ጌታም ነው። ይህ ጥያቄ ከሰዓቱ ይልቅ የሚያስፈራኝም፣ ከሰዓቱ ይልቅ የሚያጽናናኝም ለዚህ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በጉባኤው ፊት ቆሜ፣ «52 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ነው የገባሁት፤ ከበፊቱ በስምንት ሰከንድ ዘግይቻለሁ። ሦስት ቅዳሜ ተኝቻለሁ» አልኩ። ጥቂቶች ሳቁ፤ ስቄ አብሬአቸው ተቀመጥኩ። የሚገርመው ያን ቀን ማታ ሜዳሊያውን ከኪሴ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ከዚያም ያን ወንድም ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ሁለቱ ነጥብ ጎድለዋል፤ ምንም አይደለም ማለት አልነበረብኝም። ፈተናው ማለፍና አለማለፍህን ጠይቆ መልሱን አግኝቷል። በተሰጠህ ነገር ምን እንዳደረግህ ግን ፈተናው አያውቅም፤ እኔም ልመልስልህ አልችልም። አንተና ጌታ ታውቃላችሁ» አልኩት።

ጥቂት አሰበ። «እናቴ ታማ ስለ ነበር ብዙ ማታ ሳላጠና አድሬአለሁ» አለኝ። ዝም ብዬ ጠበቅሁት። «ፊዚክስን ግን እናቴ ከመታመሟም በፊት ሸሽቼዋለሁ» አለ።

አሁን በሬሚዲያል ፕሮግራም ይማራል። ባለፈው ሰሞን ስደውልለት ስለ ውጤቱ አልጠየቅሁትም፤ የጠየቅሁት ስለ ፊዚክስ ነው። «አብሬው እየዋልኩ ነው» አለኝና፣ እሱም በተራው ስለ ቅዳሜዬ ጠየቀኝ።

ለመጪው ቅዳሜ ማንቂያዬን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሞልቼዋለሁ።