ቀዳዳውን መዝጋትና ፊትን መሙላት

አንድ ምስክር ተጎድቶ ነገሩን አጉድሎ ቢመሰክር ምን ማድረግ ይገባናል? ምስክሩን አሳክመን ወደፊት ደኅና አድርጎ እንዲያይ እናድርገው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። የጎደለውን ቃልስ? እኛው ሞልተን በእሱ ስም ብናቀርበው በደል ነው ወይስ ደግነት? ወዳጆቼ፣ ጥያቄው ከመጽሐፍ የተገኘ አይምሰላችሁ። የተነሣው እዚሁ ጅጅጋ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጓዳ ነው፤ መነሻውም አንድ አሮጌ ያሺካ ካሜራ ነው።

ካሜራው የአንዲት የክፍላችን ልጅ አጎት ነበር። በግንቦት 1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ ላይ ጦርነት ሲፈነዳና ከተማይቱ ከአየር ስትደበደብ ሕዝቡ ድንበር እየተሻገረ ወደዚህ መጣ። ከጅጅጋ በስተምሥራቅ ያለችው ሐርትሼክ ከ200,000 በላይ ስደተኛ የሰፈረባት ሆነች፤ ጣቢያው የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። አጎትየውም ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከመጡት አንዱ ነበር። እዚያ የሰውን ሁሉ ፎቶ ሲያነሣ ከረመ፤ አንድ ቀን ደግሞ ካሜራውን ለጓደኛው ሰጥቶ ራሱ ተነሣ። ከጥቂት ወራት በኋላ የቀሩ ዘመዶቼን ላምጣ ብሎ ተመለሰ፤ በዚያው ቀረ። ሚስቱ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። የተወለደው ልጅ ዛሬ ሚኒያፖሊስ የሚኖር ትልቅ ሰው ነው፤ አባቱን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ያለችው አንዲት ፎቶ ናት፤ በእሷም ላይ ከላይኛው ጠርዝ የወረደ ነጭ ብርሃን የአባትየውን ፊት ከግንባር እስከ አፍንጫ በልቶታል።

ካሜራውን ይዘን የሄድነው ልጅቱ ፎቶ ማንሣት ልትማርበት ፈልጋ ነው። ጠጋኙ ድሮ ፊልም ሲያጥቡ የኖሩ፣ አሁን የመታወቂያ ፎቶ የሚያነሡ ሽማግሌ ናቸው። ክፍሉን አጨለሙና ትንሽ ባትሪ አብርተው ካሜራው ውስጥ ከተው ዘጉት፤ ከዚያ በዙሪያው ተመለከቱ። ከኋላ በሩ ጠርዝ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ወጣ። «ያው ነው ልጄ፣ ስፖንጁ አልቋል» አሉ። የእነዚያ ዘመን የጃፓን ካሜራዎች በራቸው ብርሃን እንዳያስገባ በጥቁር ስፖንጅ ይደፈን ነበር፤ ስፖንጁ ግን በእርጥበትና በዕድሜ ብዛት እየሟሸሸ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ነገር ይሆናል። በስቴኪኒና በአልኮል ቀስ እያሉ ፋቁት፤ ጎድጓዳው ውስጥም ጥቁር የሱፍ ክር አስገብተው አጣበቁ። ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው።

ጓደኛዬ ፎቶውንና ኔጋቲቩን አወጣች። ሽማግሌው ኔጋቲቩን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት። በፎቶው ነጭ የሆነው እዚያ ላይ ጥቁር ነው። «ጥቁረቱ ከምስሉ ወሰን አልፎ የፊልሙ ጥርስ ቀዳዳዎች ድረስ ደርሷል። ስለዚህ በሌንሱ በኩል የገባ አይደለም፣ በኋላ በር ነው። ምስል ፊልም ላይ የሚያርፈው ተገልብጦ ስለሆነ ደግሞ ከላይ የምታይው ብርሃን የገባው ከታች ነው። አሁን የደፈንኩት ቀዳዳ እሱ ራሱ ነው።» ትንሽ ዝም አሉና «የዛሬውን ዘጋሁልሽ፤ የዚያን ጊዜውን ግን አልችልም» አሉ።

በዚህ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠው ልጅ ጣልቃ ገባ። «ምን ችግር አለው? እኔ ፊቱን እሞላዋለሁ፣ አንድ ደቂቃ ነው!»

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ተቆጣሁ። ኮምፒውተሩ የሚሞላው ከብዙ የማያውቃቸው ሰዎች ፊት የቀሰመውን ነው እንጂ የዚያን ሰው አይደለም። ብርሃኑ ባቃጠለው ቦታ ሥር የተደበቀ ፊት የለም። ደግሞም ፎቶ መነካካት ምን እንደሚያደርስ ታሪክ አሳይቶናል። የሶቭየት ኅብረት የምስጢር ፖሊስ ሹም ኒኮላይ የዦቭ ከስታሊን ጎን ቦይ ዳር ቆሞ የተነሣው ፎቶ ነበር፤ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1940 ከተገደለ በኋላ ከፎቶው ተፋቀ፣ በቦታውም ውሃ ብቻ ቀረ። እዚያ የነበረውን ሰው አጠፉ፣ እዚህ ያልነበረ ፊት ሊተክሉ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ እናት ተናገርኩ፤ ልጃቸው ወደ ሶማሊኛ መለሰችልኝ። እናትየው ጨርሰው ካዳመጡኝ በኋላ «አንተ ስለ እውነት ትከራከራለህ፣ እኔ የምፈልገው ወንድሜን ነው» አሉ። ከዚያም ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄደው ከልጁ አጠገብ ተቀምጠው፣ ግንባሩ ሰፋ ይበል፣ ቅንድቡ ይህን ያህል አይወፍርም፣ ዓይኑ ትንሽ ገባ ይበል እያሉ ሲያርሙ ዋሉ።

የኔ ክርክር እዚህ ላይ ተንገዳገደ። የሚሞላው ኮምፒውተሩ ብቻ መሰለኝ እንጂ ፊቱን የምታውቅ እኅት መኖሯን ረስቼ ነበር። ሠዓሊ በቃል ሲነገረው ሰምቶ የሞተን ሰው ቢሥል ማን ውሸታም ይለዋል? ማንም! ይሁን እንጂ ሥዕሉ ሥዕል መሆኑን አይደብቅም። ፎቶ ግን «ብርሃን እዚህ ሰው ላይ አርፎ ነበር» ብሎ ይምላል። ስለዚህ በደሉ ያለው መሙላቱ ላይ አይደለም፤ የተሞላው ከነበረው ጋር የተጋጠመበትን ስፌት መደበቁ ላይ ነው። ሽማግሌው ያስገቡት የሱፍ ክር እኮ ስፖንጅ ነኝ አይልም፤ በሩን የከፈተ ሁሉ ያየዋል።

«እንግዲያው ከጀርባው ጻፉበት» ትሉኝ ይሆናል። ዳሩ ግን በስልክ የሚላክ ፎቶ ጀርባ የለውም። ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ጽሑፉ ይቀራል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቹ የእኅቱን ትዝታ የአያታቸው ፊት ነው ብለው ይምላሉ። እኛ ደግሞ ያንን ነጭ መስመር ለጌጥ ብለን በስልካችን ፎቶ ላይ የምንጨምር ትውልድ ነን። ብርሃን የበላው ፊት ያለው ቤተሰብ ይህን ሲያይ ምን ይለን ይሆን?

በመጨረሻ ጓደኛዬ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ፣ አንዱን ካንዱ ለመነጠል እንዳይመች በአንድ ምስል ላይ አሳተመች። ከሥር «ይህ የተነሣው ነው፤ ይህ እኅቱ የምታስታውሰው ነው» ብላ በሶማሊኛ ጻፈችና ላከች። መልሱ በማግሥቱ መጣ። ልጁ ስለ ፊቱ አንዳች አላለም። በአሮጌው ፎቶ ላይ፣ ብርሃኑ ባልደረሰበት በኩል፣ አባቱ ቀኝ እጁን ቀበቶው ላይ አድርጓል። «እጁ የኔን እጅ ይመስላል» ብሎ ጻፈ።

ይህ እኔ ትክክል እንደነበርኩ ማስረጃ አይሆንም። እናትየው የተሞላውን ፎቶ ብቻ ለይተው አሳትመው፣ ምንም ሳይጻፍበት፣ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ቤታቸው ስሄድ ሻይ እየጠጣሁ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ «ይህ እሱ አይደለም» ለማለት ግን አፌ አይከፈትም። ዝምታዬ አክብሮት ይሁን ፍርሃት ገና አልለየሁትም። ለይቶ የሚያውቅ ካላችሁ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን።