የግመሉ ጥርስ

ባቲ ሰኞ ሰኞ ትሰፋለች። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ ገበሬው እህሉን በአህያ ጭኖ ከደጋ ይወርዳል፤ ኦሮምኛው፣ አማርኛውና አፋርኛው አንድ ሜዳ ላይ ይደባለቃል። ከዕለታት አንድ ሰኞ፣ አንድ እህል ነጋዴ ግመል ተራ ገብቶ አንድ ጎረምሳ ግመል ወደደ። ዋጋ ተቆረጠ። ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት ግን ሻጩ፣ ጢሙን በሒና ያቀላ ሽማግሌ አፋር፣ የግመሉን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርሱን አሳየው።

«ይህ የወተት ጥርሱ ነው። እስኪቀይር አትጫነው። ዛሬ ብትጭነው ይሸከምልሃል፤ ነገር ግን ጀርባው ይጎብጥና ዕድሜ ልኩን ግማሽ ግመል ይሆንብሃል።»

ነጋዴው ቃል ገባ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ግመሉ ሁለት ክረምት ሙሉ ግራር እየቀነጠበ፣ ጀርባው ላይ ዝንብ እንጂ ጭነት ሳያርፍበት አደገ።

ታዲያ ጭነቱን ማን ተሸከመው? ከነጋዴው ቤት አንድ ልጅ ነበረ። ዝናብ የቀረ ዓመት አባቱ ለእረኝነት የሰጠው ነው፤ ውሉ በዓመት አንዲት ፍየልና አንድ ልብስ። ጎህ ሳይቀድ ፍየል ያሰማራል፣ ማታ በጀሪካን ውሃ ይቀዳል፤ ሰኞ ሲሆን ደግሞ ከመጋዘን እስከ ገበያው ሃያ አምስት ሃያ አምስት ኪሎ ማሽላ ሲያመላልስ ይውላል።

አንድ ቀን የቀበሌው መምህር መጥቶ ሕጉን ነገረው። አገራችን ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1991 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ 14 የነበረውን ዕድሜ ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። ነጋዴው በትሕትና አዳመጠ።

«መምህር፣ እኔ ፋብሪካ የለኝም። ልጁም ደመወዝተኛ አይደለም፤ ቤቴ በልቶ የሚያድር የሰው አደራ ነው።»

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። መምህሩም የሚመልሰው አጣ፤ አዋጁ የሚያውቀው አሠሪና ሠራተኛን ነው፣ አደራን አያውቅም። በ2007 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ወደ 16 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናትን በጉልበት ሥራ ላይ አግኝቷል። አብዛኞቹ በእርሻና በከብት ጥበቃ ላይ የተሰማሩ ናቸው፤ ፊርማና ማኅተም ያለበት ውል ደግሞ ከዚያ አይደርስም።

ሁለት ክረምት አለፈና ሽማግሌው ተመልሶ መጣ። ግመሉን በዙሪያው ዞሮ አየው፣ ጀርባውን ዳሰሰው፣ ጥርሱን ቆጠረው። «ጠብቀሃል፤ ሰው ነህ» አለ። ይሄኔ ልጁ ጆንያ ተሸክሞ ደረሰ።

«ይህስ? የዚህን ጥርስ አይተኸዋል?»

ገበያተኛው ሳቀ። ልጁ ግን የምር መስሎት ጆንያውን አወረደና አፉን ከፈተ። «የፊተኞቹ በቅለዋል፣ አባ። የጎኑ ገና ይነቃነቃል።»

ሳቁ ቀስ እያለ ረገበ። ነጋዴው ፊቱ ቀላ።

«ግመሉ ሲያድግ የእኔ ነው!» አለ። «ልጁ ሲያድግ ግን ይሄዳል። የማይቀርልኝን ለምን ብዬ እጠብቃለሁ?»

እኔ ይህን ንግግር በየስብሰባው ከምሰማው ሁሉ አስበልጠዋለሁ፤ ሰውየው ቢያንስ አልዋሸም። ትርፉ ለእኛ የሆነውን ዕድሜ ስንቆጥር አንሳሳትም።

ሽማግሌው ፍየሉን ሊቀበል ወደ መጣው የልጁ አባት ዞረ። «ሲያድግ የማን ነው ታዲያ?»

አባትየው መንገዱን አየ። መንገዱ ከባቲ ቁልቁል ወደ ሚሌ፣ ከሚሌ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ሳዑዲ። የበኩር ልጁ በዚያ ሄዷል።

«ታላቁም እረኛ ነበረ» አለ ቆይቶ። «እዚህ አገር ያለው ሸክም ብቻ መስሎት ሄደ።»

ከዚያ ወዲያ ብዙ አልተነጋገሩም። ሽማግሎች ግራር ሥር ተቀመጡ፤ ልጁ ለጠዋቱ ፈረቃ ትምህርት ቤት ይግባ ተባለ። አባት «ደብተሩንስ?» ሲል፣ ነጋዴው አንዲት ወላድ ፍየል አስቀድሞ እንዲሰጠውና ግልገሏን እንዲካፈሉ ተስማሙ። ነጋዴው የተስማማው ግማሹን በይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታም ቢሆን ሥራ ይሠራል።

በሚቀጥለው ሰኞ ነጋዴው ግመል ተራው ጥግ ከቆሙት ተሸካሚዎች አንዱን፣ ትከሻ ሰፊ ጎልማሳ፣ ጠራና ሥራውን ዘረዘረለት፦ ጎህ ሳይቀድ ፍየሎቹ፣ ማታ ውሃው፣ ሰኞ ሰኞ ማሽላው።

ሰውየው በጣቱ እየቆጠረ አዳመጠ። ሲጨርስ ሦስት ጣት ቀስሮ ቀረ።

«ይሄ የሦስት ሰው ሥራ ነው፣ አያ። ሁለት ልጨምርልዎት?»

«ሦስት ሰው!»

«እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚሠራልዎት?»

ነጋዴው ጎንበስ ብሎ፣ ያልላላውን የግመሉን ገመድ ያጠብቅ ጀመር።