ትንሽ ሥራ በምን ትመዘናለች

የሥራ ታላቅነትና ታናሽነት በተነገረ ጊዜ ብዙ ሰው የሚመለከተው የቤቱን ስፋትና የገንዘቡን ብዛት ነው። ነገር ግን ሥራ በምታሳድረውም ሰው ልክ መመዘን ይገባታልና፥ ትንሽ የተባለችው በዚህ ሚዛን ብትቀመጥ ከብዳ ትገኛለች።

በ2003 ዓመተ ምሕረት የወጣው የመንግሥት የልማት ዕቅድ ጥቃቅን ብሎ የሰየመው፥ ቤተ ሰብ ጭምር ተቈጥሮ ሠራተኛው ከ5 የማይበልጠውን ሥራ ነው። ከጋሞ ደጋ መጥተው በአዲስ አበባ በእንጦጦ ሥር በሽሮ ሜዳ የሰፈሩት ሸማኔዎች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ሸማኔው በጕድጓዱ አፍ ብቻውን ተቀምጦ ቢታይም ብቻውን አይደለም፤ ጥጡን የዘራው ገበሬ፥ ማጉን በእንዝርት የፈተለችው ሴት፥ ዘርፉን የሚቋጨው፥ ገበያ የሚያወጣው ነጋዴ ሁሉ ከአንዲት መወርወሪያ ይበላሉ። እርስዋ ስትቆም የብዙ ቤት ምድጃ ይቀዘቅዛል።

ፋብሪካ በአንድ ጊዜ መቶ ሰው ይቀጥር የለምን የሚል ቢኖር፥ እውነት ተናግሯል፤ ፋብሪካም ለአገር ያስፈልጋል። ዳሩ ግን ፋብሪካ መንገድና የኤሌክትሪክ ኀይል ከሌለበት አይተከልም፤ ትንሽዋ ሥራ ግን ሰው ካለበት ትተከላለች፥ ሰው ሲሄድም አብራው ትሄዳለች።

እንዲህ ከሆነ ክብርዋ ወዴት አለ? ቀድሞ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሙያው መስደብ ልማድ ስለ ነበረ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ከአፍ ቢጠፋም በዋጋ ክርክር ተሸሽጎ ይኖራል። ለበዓል ነጠላውን ለብሶ የሚያምርበት ሰው፥ የብዙ ቀን ድካም የፈጀውን ልብስ በእኩሌታ ዋጋ ካልወሰድሁ ብሎ ሲከራከር እንደ ብልህ ይቈጠራል። የጐደለውን ዋጋ ግን አንድ ሰው መክፈሉ አይቀርም፤ የሚከፍለውም ደካማው ነው። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት ሽመና ይማራሉ እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው፥ ከትምህርት ተለይተው ያለ ደመወዝ ወይም በጥቂት ዋጋ መሥራታቸው የታወቀ ነው። ይህን ያደረገ አሠሪ በደለኛ ነው፤ ርካሽ ልብስ ፈልጎ በማን ጕዳት እንደ ረከሰ ያልጠየቀ ገዢም ከበደሉ ንጹሕ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ስለዚህ ትንሽ ሥራ ሰውን ስለምታሳድር ብቻ አትመሰገንም፤ ማንን አሳድራ ማንን እንደምታስርብ ደግሞ ትጠየቃለች። የሕፃኑን ፊደል ወስዳ ለአባወራው እንጀራ ብትሰጥ፥ ከአንዱ ልብስ ቀድዳ የሌላውን ጣፈች እንጂ ድህነትን አላራቀችም። እንግዲህ ለሸማኔው ተገቢውን ዋጋ መክፈል ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳ ነው።