የልጅ ትምህርት ቤትና የወላጅ ዕዳ

ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ፥ በሀዲያና በከምባታ ምድር፥ በሆሳዕናና በዱራሜ ከተሞች፥ ልጁን ወይም ወንድሙን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሸኘ ቤተ ሰብ እጅግ ብዙ ነው። ከሄዱትም ብዙዎቹ በዚያ ሱቅ ከፍተው፥ ትዳር ይዘው፥ ልጆች ወልደው ይኖራሉ። ልጁ ለትምህርት ሲደርስ ታዲያ «በየትኛው ትምህርት ቤት ይማር?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንዳንዱ አባትም ሌላው ሁሉ ቢጐድልበት እንኳ ልጁን ኢንተርናሽናል በሚባለው ትምህርት ቤት ለማስገባት ይመኛል። ምኞቱ ነቀፋ የለበትም፤ ነገር ግን ከምን እንደ ተነሣና ዋጋው ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

አስቀድሞ ይህን እንወቅ፤ በባዕድ ትምህርት ቤት መማር ኃጢአት አይደለም። ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ ተምሯል። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ተምረዋል፤ ስማቸው እንኳ ተለውጦ ነበር። ቅዱስ ባስልዮስም በአቴና ተምሯል። በአገራችንም አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ቤት የሚወጣ ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ፥ የኔታ መምህር ብቻ ሳይሆኑ አባትም ነበሩ፤ ጸሎቱንም ጾሙንም ከፊደሉ ጋር ያስተምሩ ነበር። የዛሬው ትምህርት ቤት ግን ይህን አደርጋለሁ ብሎ ቃል አልገባም።

በ1968 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጄኔቭ የተመሠረተው የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ሥርዐት፥ እንደዚሁም የካምብሪጅ ፈተና፥ በብዙ አገሮች የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ከአገር ወደ አገር ለሚዘዋወር ቤተ ሰብ እውነተኛ ጥቅም አላቸው። በአንድ ከተማ ለሚኖር ግን የመንግሥት ትምህርት ቤትም በር አለ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት መሠረታዊ ትምህርትን የሰው ሁሉ መብት ያደርጋል፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በማካንዳ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት መታወቂያ ወረቀት የሌለው ልጅ ከትምህርት እንዳይከለከል ፈርዷል። እንግዲህ «ሌላ መንገድ የለኝም» ብሎ ከዐቅም በላይ መበደር ሁልጊዜ ግድ አይደለም።

ዋጋውም ገንዘብ ብቻ አይደለም። ክፍያውን ለመሙላት ሲል ሱቁን ማልዶ የሚከፍት፥ ሌሊትም የሚዘጋ አባት፥ ሲወጣ ልጁ ተኝቷል፤ ሲመለስም ተኝቷል። «የምደክመው ለእርሱ አይደለምን?» ቢል እውነቱን ነው። ሆኖም አያቱ ከሆሳዕና ስልክ ደውላ በሀዲይኛ ስትጠይቀው፥ ልጁ ዝም ብሎ ስልኩን ለአባቱ ቢያቀብል፥ ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ነውን? ትምህርት ቤቱ የሰጠውን ቃል ጠብቋል፤ የጐደለው የቤት ድርሻ ነው።

የሙሴን እናት እናስብ። ልጇን ያጠባችው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለፈርዖን ልጅ ሰጠችው። ነገር ግን በቤተ መንግሥት ያደገው ልጅ ጐልማሳ በሆነ ጊዜ ወደ ወንድሞቹ ወጣ፤ ወገኖቹ እነማን እንደ ሆኑ ያውቅ ነበርና። ያን ጊዜ የሸጠ ወላጅ በክፍያ መልሶ አይገዛውም። ልጁን ወደ አያቱ መመለስም ቋንቋውን ይሰጠዋል እንጂ አባቱንና እናቱን አይተካለትም።

ስለዚህ ወላጅ ትምህርት ቤት ሲመርጥ ሦስት ነገር ይመርምር። የምስክር ወረቀቱ ልጁ ወደፊት በሚሄድበት ይሠራልን? የልጁን ጾምና ማተብ ያከብራሉን? ከክፍያው በኋላ ለልጁ የሚሆን የማታ ሰዓት ይተርፋልን? ሦስተኛው ካልተገኘ፥ ስሙ ዝቅ ያለውን ትምህርት ቤት መምረጥ ኪሳራ አይደለም። ካህናትም ወላጁን ከመውቀስ ይልቅ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ሰብስበው ፊደልና ጸሎት ቢያስተምሩ ሸክሙን ያቀሉለታል።

ሆሳዕና የበዓሉን ስም የያዘች ከተማ ናት። በዚያ በዓል በቤተ መቅደስ ያመሰገኑት ሕፃናት ነበሩ፤ የምስጋናውንም ቃል ከየቤታቸው ሳይሰሙት አልቀሩም። በስደት ያሉት ልጆቻችንም የሚያመሰግኑበትን ቃል ከእኛ ይሰሙ ዘንድ አምላከ አበው ይርዳን፤ አሜን።